ምዕራፍ ሰባት፦ መናኸሪያው ሲዛወር

ይፋግ ላይ ገበያው በደራበት ሰዓት አንድ የሩዝ ነጋዴ ስልኩን አውጥቶ ወረታ ላለ ደንበኛው ገንዘብ ሊልክ ነው እንበል። የምስጢር ቁጥሩን ያስገባል፣ «ላክ» የሚለውን ይነካል፣ ይጠብቃል። አምስት ሰከንድ። አሥር ሰከንድ። ከዚያ ወይ «ተልኳል» የሚል መልእክት ይመጣለታል፣ ወይ ደግሞ ሁላችንም የባንክ መስኮት ሥር ቆመን የለመድነውን ፍርድ ይሰማል፦ «ሲስተም የለም»።

ይህ ምዕራፍ ስለ እነዚያ አሥር ሰከንዶች ነው። ከጀርባ ያለው ቤት እንዳለ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር እየተጓዘ፣ ነጋዴው ግን አንዲት ሰከንድ ሳይጨመርበት ገንዘቡን እንዴት ሊልክ እንደሚችል እናያለን።

ይፋግን ለመነሻ የመረጥኩት በከንቱ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ አዲስ ዘመን አጠገብ ያለችው ይህች ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጣና በስተምሥራቅ ከሚታወቁት ገበያዎች አንዷ ነበረች። የሲራራ ነጋዴ አሞሌውን በቅሎው ላይ ጭኖ «ይፋግ እወርዳለሁ» ሲል፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንደሚያራግፍና ማን እንደሚገዛው ገና አያውቅም። ማወቅም አያስፈልገውም ነበር። ስሙን ይዞ ከደረሰ የቀረውን ገበያው ያደላድልለታል። ዛሬ ስልካችን የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ስም ይዞ ይሄዳል፣ እዚያ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ተራ አስከባሪው

ከባሕር ዳር ጎንደር ለመሄድ መናኸሪያ የገባ ሰው ሾፌር በስም አይፈልግም። የጎንደር መኪናዎች የሚቆሙበት ሄዶ ይቆማል። እዚያ ተራ አስከባሪው አለ። የሞላውን ይሸኛል፣ ቀጣዩን ያስጠጋል፣ ጎማው የተነፈሰውን ከሰልፍ ያስወጣል።

ሎድ ባላንሰር የሚባለው መሣሪያ ሥራው ይኸው ነው። የአንድ ባንክ ወይም የአንድ የትኬት ድርጅት አገልግሎት በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ከተቀመጠ፣ ሰርቨሩ ሲታመም አገልግሎቱም አብሮ ይተኛል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሦስት፣ አራት፣ አርባ ሰርቨሮች ይደረደሩና ተራ አስከባሪው ፊታቸው ይቆማል። ጥያቄ በመጣ ቁጥር ለአንዳቸው ያሳልፋል።

«የጎንደር» ተብሎ የሚታወቀው መቆሚያ ደግሞ በሙያው ቋንቋ ቨርቹዋል ሰርቪስ ይባላል። መቆሚያው ራሱ ማንንም ጎንደር አያደርስም፤ የሚያደርሱት መኪናዎቹ ናቸው። ቨርቹዋል ሰርቪስም እንዲሁ በሦስት ነገር ብቻ የሚታወቅ ቦታ ነው፦ በአይ ፒ አድራሻ፣ በፖርት ቁጥርና በፕሮቶኮል። ከጀርባው ያሉት እውነተኞቹ ሠራተኞች ሪል ሰርቨር ይባላሉ። ቃሉ በባለሙያዎች ዘንድ ከተለመደበት ምክንያት አንዱ ቻይናዊው ዌንሶንግ ዣንግ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ሊኑክስ ቨርቹዋል ሰርቨር የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ዛሬም በሊኑክስ ትእዛዝ ሲሰጥ «ቨርቹዋል ሰርቪስ ጨምር፣ ሪል ሰርቨር ጨምርለት» ይባላል።

ተራ አስከባሪው የሚሠራው በዘፈቀደ አይደለም፤ ሕግ አለው። ቀላሉ ሕግ በተራ ማዳረስ ነው። ሌላው ሰው ላነሰበት መስጠት ነው። ሰርቨሮቹ እኩል ጉልበት ከሌላቸው ለጠንካራው ሁለት፣ ለደካማው አንድ ይባላል። በየጥቂት ሰከንዱ ደግሞ ሰርቨሮቹን «አለህ?» እያለ ይጠይቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርቶ መልስ ያጣበትን ከሰልፍ ያወጣል፣ ሲያገግም ይመልሰዋል። ሻንጣው አንድ መኪና ላይ የተጫነ መንገደኛ ሌላ መኪና ላይ እንደማይሳፈር ሁሉ፣ ሥራውን አንድ ሰርቨር ላይ የጀመረ ደንበኛም እስኪጨርስ ወደዚያው እንዲመለስ ይደረጋል። የግንኙነቱን ምስጢር የሚጠብቀው ሰርተፊኬትም ብዙውን ጊዜ በተራ አስከባሪው እጅ ነው።

እንግዲህ መናኸሪያው ይዛወር ሲባል መንቀሳቀስ ያለበት ይህ ሁሉ ነው።

ለምን ይነሳል?

ክላውድ ማለት የሌላ ሰው ኮምፒውተር መከራየት ነው። አከራዩ ይለያያል፣ ዋጋው ይለያያል፣ አገሩም ይለያያል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ጆሃንስበርግ ላይ፣ አማዞን በ2020 ኬፕታውን ላይ ማእከል ሲከፍቱ አፍሪካ ውስጥ ያለ ተቋም መረጃውን አውሮፓ ድረስ መላኩ ቀረለት። አዲስ አበባም በአይ ሲ ቲ ፓርክ የግል ዳታ ማእከሎች ሲከፈቱባት፣ ኢትዮ ቴሌኮምም በቴሌክላውድ ስም ማከራየት ሲጀምር፣ «አገር ቤት ብናስገባውስ?» የሚለው ጥያቄ ከምኞት ወደ በጀት ስብሰባ ወረደ።

ጥያቄውን ያጣደፉት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ኪራዩ ነው። ውጭ አገር ያለ ክላውድ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንዲት ሰርቨር ያልጨመረ ተቋም ሒሳቡ በብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ሁለተኛው ሕግ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛ መረጃ የት ተቀመጠ የሚለው የቴክኒክ ክፍሉ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ የሕግ ክፍሉም ይጠይቃል። ሦስተኛው ርቀት ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ በቀጥታ መስመር 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ደርሶ መልሱ በምንም ብልሃት ከ40 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም። አንድ ገንዘብ መላክ ሃያ ደርሶ መልስ ከጠየቀ፣ 0.8 ሰከንድ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው።

የተጻፈውና ያልተጻፈው

ለምሳሌ ያህል አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ልፍጠር። በጣና ዙሪያ ቅርንጫፎች አሉት፤ አንዱ ይፋግ ነው። ሲስተሙ ጆሃንስበርግ ተከራይቶ ይኖራል፤ አሁን ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ ነው።

የቴክኒክ ቡድኑ መጀመሪያ የሚያደርገው ቆጠራ ነው። ሎድ ባላንሰሩ ላይ አሥራ ሁለት ቨርቹዋል ሰርቪሶች ይገኛሉ። ዘጠኙን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ የሞባይል መተግበሪያው፣ የቅርንጫፎች መግቢያ፣ የሪፖርት ክፍሉ። ሦስቱን የሚያውቅ የለም። አንዱ «ቴስት 2» ይላል። ይነካ ይሆን? ልምድ ያለው ሰው አይነካውም፤ መጀመሪያ ትራፊኩን አይቶ ማን እንደሚመጣበት ይጠይቃል። ጊዜያዊ ተብሎ የተሠራ ነገር ባለቤቱ ከሄደም በኋላ ሥራ ላይ ይገኛልና።

ቀጥሎ ሕጎቹ ወደ አዲሱ ቤት ይገለበጣሉ። በሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ሎድ ባላንሰር ካለ ቅንብሩ በፋይል ወጥቶ እዚያ ሊጫን ይችላል። የክላውዱ የራሱ ሎድ ባላንሰር ከሆነ ግን አንድ በአንድ በእጅ ይተረጎማል። በሁለቱም መንገድ የሚሻገረው የተጻፈው ነው። የሚያስቸግረው ያልተጻፈው ነው፤ ከእነዚህ ሦስቱን ቀረብ ብለን እንያቸው።

አንደኛ፣ የ«አለህ?» ጥያቄ። አዲሱ ቤት የራሱ ፋየርዎል አለው። ተራ አስከባሪው የሚጠይቅበትን በር ማንም ካልከፈተለት መልስ አያገኝም። ሰርቨሮቹ ሁሉ ጤነኛ ሆነው ሳሉ ሁሉንም ሞተዋል ብሎ ያወጣቸዋል። ባለሙያው ሰርቨሩ ላይ ገብቶ ሲያይ ሁሉም ይሠራል፤ ደንበኛው ዘንድ ግን «ሲስተም የለም»።

ሁለተኛ፣ የሻንጣው ሕግ። አሮጌው ቅንብር ደንበኛን በመጣበት አይ ፒ አድራሻ እየለየ ወደዚያው ሰርቨር ይመልሰው ነበር እንበል። አይ ፒ ቪ 4 የተባለው የአይ ፒ አድራሻ በዓለም ላይ ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጥም፤ ስለዚህ የሞባይል ኩባንያዎች እጅግ ብዙ ስልኮችን በአንድ የውጭ አድራሻ ሥር ያስወጣሉ። ተራ አስከባሪው በአድራሻ ብቻ ከለየ የአንድ ከተማ ሕዝብ እንደ አንድ ሰው ይቆጠርና አንዱ መኪና ላይ ይታጨቃል፤ ሌሎቹ ባዶ ይቆማሉ። ቅርንጫፎች በየራሳቸው መስመር በሚገቡበት ዘመን ያልተሰማ ችግር ደንበኛው በስልክ መግባት ሲጀምር ገሃድ ይወጣል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ደንበኛ ኩኪ የሚባል ትንሽ መለያ መስጠት ነው፤ ለሻንጣ እንደሚሰጥ ቁጥር።

ሦስተኛ፣ ትዕግሥት። ተራ አስከባሪው ዝም ያለ ግንኙነትን ስንት ጊዜ ይጠብቃል? አማዞን ለድረ ገጽ የሚያቀርበው ሎድ ባላንሰር፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ከ60 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ይቆርጣል። የማይክሮሶፍቱ አዠር 4 ደቂቃ ይታገሣል። በእኛ ምናባዊ ተቋም አሮጌ ቅንብር ላይ ግን 600 ሰከንድ ተብሎ ተጽፏል። ለምን 10 ደቂቃ? ቅንብሩን የጻፈው ልጅ ሥራ ለቅቆ ካናዳ ከገባ ቆይቷል፤ ማስታወሻም አልተወም። በስብሰባው ላይ አንድ ወጣት «ይህ ስህተት መሆን አለበት፤ 60 እናድርገው» አለ። ሁሉም ተስማማ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስምና ቁጥር

አሁን አዲሱ መናኸሪያ ተሠርቶ አልቋል። ሰውን እንዴት ወደዚያ እንውሰደው?

የአይ ፒ አድራሻ የአከራዩ ንብረት ነው። ቤት ስትቀይር የቤቱን ቁጥር ነቅለህ እንደማትሄድ ሁሉ፣ የጆሃንስበርጉም ቁጥር እዚያው ይቀራል። የራሳቸው የአድራሻ ክምችት ያላቸው ትላልቅ ድርጅቶች ይዘውት የሚገቡበት መንገድ አለ፤ ግን ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 256 ተከታታይ አድራሻ ይጠይቃል። ለቀሪዎቻችን ያለው መንገድ ስም ነው። ስምን ወደ ቁጥር የሚመነዝረው ዲ ኤን ኤስ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካዊው ፖል ሞካፔትሪስ ሲነደፍ ጥቅሙ ይኸው ነበር፤ ቁጥሩ ሲለዋወጥ ስሙ ይጸናል።

ነገር ግን ስም ያስታወሰ ሁሉ ቁጥሩንም ለጥቂት ጊዜ ያስታውሳል። እያንዳንዱ የዲ ኤን ኤስ መልስ «ይህን ለዚህን ያህል ሰከንድ እመነው» የሚል ዕድሜ ይዞ ይመጣል። ዕድሜው 86,400 ሰከንድ ከሆነ፣ ቁጥሩን ቀይረህ ከጨረስክ በኋላ አንዳንዱ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ወደ አሮጌው ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ዝውውሩ ከመድረሱ ሁለት ቀን ቀድሞ ዕድሜው ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ይደረጋል። በዋዜማው ምሽት ዝቅ ያደረገ ሰው ዘግይቷል፤ የትናንቱን ረጅም ዕድሜ የያዙት ገና አልረሱትም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት

የዝውውሩ ሰዓት ተቆረጠ፤ «ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት»። እዚህ ላይ የእኛ የሆነ አንድ ወጥመድ አለ። አብሮ የሚሠራው የውጭ አገር ባለሙያ 6 ሰዓትን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጋር ሊያምታታው ይችላል። የሰርቨሩ ሰዓት በበኩሉ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚሆን 21:00 ይላል፤ ከእኩለ ሌሊት ወዲያም የእኛ እሑድ ለእሱ ገና ቅዳሜ ነው። ጠንቃቃ ቡድን ሰዓቱን በሦስቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፎ ይለጥፋል።

ከሰዓቱ ጎን ሌላ ወረቀት ይለጠፋል፤ መቼ እንደምንመለስ የሚነግረን። «ከመቶ ጥያቄ ሁለቱ ከወደቁ ወደ ጆሃንስበርግ እንመልሳለን» ተብሎ በጠራ ጭንቅላት አስቀድሞ ይወሰናል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በደከመ ሰው አይወሰንም። የሌሊት ለውጥ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል አገሪቱ አይታለች። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር በተያያዘ በተፈጠረ ችግር ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩም ጉዳዩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደሚመለከት በኋላ አስታወቀ። ከእኛ ርዕስ የተለየ ታሪክ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ለውጥ ሲጀመር መመለሻው አብሮ መዘጋጀት አለበት።

ዝውውሩ ራሱ ባንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ከመቶ አምስቱ ወደ አዲሱ ይላካሉ። ሰላም ከሆነ ሃያ አምስቱ። ከዚያ ግማሹ። በአሮጌው ቤት ሥራ የጀመረ ደንበኛ እስኪጨርስ ይተዋል፤ አዲስ ሰው ብቻ አይገባም። ተራ አስከባሪው ቢጠየቅ «የተሳፈረው ይድረስ፣ አዲስ አትጫን» ይል ነበር።

ባሕር ዳር ይህን በብረትና በኮንክሪት ታውቀዋለች። የዓባይ ድልድይ ጠብቦ ሲያስቸግር፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ ድልድይ አሮጌው አጠገብ ተሠርቶ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ የጎንደር መንገደኛ በአሮጌው ላይ ሲመላለስ ነበር። አሮጌውን አፍርሶ በቦታው አዲስ ለመሥራት ያሰበ ቢኖር ኖሮ ከተማይቱ ለሁለት ተከፍላ ትቀመጥ ነበር።

አሮጌው ሲናገር

እሑድ ጠዋት በስሙ የሚመጣው ደንበኛ መቶ በመቶ በአዲስ አበባው ሎድ ባላንሰር ይገባል። ቡድኑ ቡና ይጠጣል። አለቃው «እንግዲህ የጆሃንስበርጉን እንዝጋና ዶላሩን እናድን» ይላል።

የሙያው ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ቤት ሥራው ካለቀ በኋላ ሌላ የማይተካው አገልግሎት አለው፤ ማንን እንደረሳን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አዲሱ የሚያሳየን የመጡትን ነው። ያልመጡት የሚታዩት በአሮጌው በር ላይ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ቡድን አሮጌውን ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ክፍት ትቶ በየቀኑ ማን እንዳንኳኳ ያነባል።

በምሳሌያችን ሰኞ ዕለት መዝገቡ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል። አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰው ይመጣል፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ይሄዳል። አድራሻው ሲጣራ የይፋግ ቅርንጫፍ ሆነ። ተደወለ።

«እህቴ፣ ማታ ማታ ሪፖርት ስትልኩ በምን ነው የምትገቡት?»

«በቁጥሩ ነዋ ወንድሜ። ቅርንጫፉ ሲከፈት የመጣው ልጅ ወረቀት ላይ ጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፎልናል።»

ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን። ዲ ኤን ኤስ ቢቀየር ባይቀየር ይህች ቅርንጫፍ አልሰማችም። በዚያው ስልክ በስሙ እንድትገባ ተነገራት፤ ማክሰኞ ማታ ሞከረች። ሪፖርቱን ላከችና መልስ ስትጠብቅ ተቆረጠ። ደግማ ላከች፤ አሁንም ተቆረጠ። ሁለቱም ጊዜ ልክ በ60 ሰከንድ።

ያን ጊዜ ነው 600 ሰከንድ ለምን እንደተጻፈ የታወቀው። የይፋግን የቀን ሒሳብ መዝጋት ሲስተሙን ሦስት ደቂቃ ያሠራዋል፤ እስኪጨርስ መስመሩ ላይ ዝምታ ነው። ካናዳ የገባው ልጅ ይህን አይቶ ነበር ትዕግሥቱን ያስረዘመው። ወረቀት ላይ የለጠፈውም ቁጥር፣ ቅንብር ላይ የጻፈውም ቁጥር ለአንዲት ቅርንጫፍ ያሰበላቸው ሁለት ውለታዎች ነበሩ፤ ምክንያታቸውን ብቻ አልጻፈም።

የይፋጓ እህት ማክሰኞ ማታ ሒሳቧን ዘግታ ቤቷ ገባች፤ በአሮጌው ቁጥር በኩል። የጆሃንስበርጉ እሑድ ጠዋት ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም በር አትገባም ነበር። ረቡዕ የአዲስ አበባው ትዕግሥት ወደ 600 ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ከቁጥሩ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ተጻፈለት፤ «የይፋግ ቅርንጫፍ የማታ ሒሳብ መዝጊያ እስከ ሦስት ደቂቃ መልስ ሳይሰጥ ስለሚቆይ»። ማታ በስሙ ገባች፣ ሪፖርቱም አለፈ። ወዲያው ደወለች።

«እንግዲህ ይቺን ወረቀት ልቅደዳት?»

«አይ፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ትቆይ።»